መፍቻ የሌለው ሻሽ

ዶማንታስ እንደሚለው፣ በዚያ የሰኔ ቀን ቫይቫ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። መቀነቱን ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችና «ጨርሰሃል፣ እለፍ» ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። «እንደ ድንች ከረጢት ነው ያሰረችኝ» ይላል።

ቫይቫ የምትለው ሌላ ነው። ፊቱን በደንብ አይታዋለች፤ የግራ ቅንድቡን ለሁለት የምትከፍለውን ትንሽ ጠባሳ ሳይቀር። ፊቱን ያዞረው እሱ ነው። ዓይኑ ከዓይኗ ተነስቶ ራሷ ላይ ወዳለው ሻሽ ወጣ፤ እዚያው ቀዘቀዘ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «አመሰግናለሁ፣ እመቤቴ፤ አስቸገርኩዎት» አላት። «ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር!» ትላለች ቫይቫ እስከ ዛሬ። «አንቱ ብሎኝ ሄደ!»

ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። በዚህ ነገር ሁለቱም አልዋሹም።

እኛ የጥንት አያቶቻችንን እሳት በምናከብርበት ጉብታ ላይ ሰው የዘወትር ልብሱን እንደለበሰ አይገባም። ሁሉም ሰው አክስቴ የሚላት የሰባ ስድስት ዓመቷ ጌኖቫይቴ መግቢያው ላይ ትቆማለች። ዚፕ አታሳልፍም፣ የእጅ ሰዓት አታሳልፍም፣ ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ካየችማ ጉድ ነው። ሳይዘጋጅ የመጣ ወደ ቫይቫ ቅርጫት ይላካል። ቫይቫ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቅርጫቷ ውስጥ ከተልባ ክር የተሸመነ ትርፍ ሸሚዝና መቀነት አይጠፋም። ዶማንታስ ከዋና ከተማው ከቪልኒዩስ ከመጣው አውቶቡስ የወረደው ብርቱካናማ የዝናብ ካፖርት ለብሶ ነበር።

«አንተ፣ ከመንገድ ሥራ ነው የመጣኸው?» አለችው ጌኖቫይቴ።

«ከመዝገብ ቤት ነው፣ አክስቴ። የድሮ የሕዝብ ዘፈኖች ነው የማስቀምጠው።»

«ዘፈኖቹ እንዴት ቻሉህ? ሂድ ወደ ቅርጫቱ! እሳቱን ዓይኑን አሳመምከው።»

ያላገባች ሴት የአበባ ጉንጉን ታደርጋለች፤ ያገባች ከተልባ የተሸመነ ነጭ ሻሽ ታስራለች። ባለጉንጉኖቹ ከእሳቱ በስተቀኝ፣ ባለሻሾቹ በስተግራ ይቆማሉ። ቫይቫ በስተግራ ነበረች። ስለዚህ ዶማንታስ ዓይኑን ሊሰበስብ ቆረጠ። ቆረጠ እንጂ አልሰበሰበም። ዳቦና ጨው እሳቱ ላይ ሲጣል አያት፤ ቢራው ሲፈስ አያት፤ ባየ ቁጥር በራሱ ይናደድ ነበር።

በነሐሴ፣ የተዋሰውን ሸሚዝ አጥቦና ተኩሶ ሊመልስ መጣ። በፖስታ መላክ ይችል ነበር።

ቫይቫ ሱቋ ውስጥ ጂንስ ለብሳ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ ራሷን ሳትሸፍን ተቀምጣለች። ጸጉሯ የበሰለ የአጃ ነዶ ይመስላል። ዶማንታስ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ግባ እንጂ። ነው ወይስ አንቱ ልበልህ?»

«ባለቤትዎ...»

«ባለቤቴ ኦስሎ ነው። የሌላ ሴት ባለቤት ነው አሁን። ፍርድ ቤት ከለያየን ሦስት ዓመት አልፏል።»

«ታዲያ ሻሹ?»

መርፌውን ከከንፈሯ አነሳች። «ሻሹን ያሰረው ፍርድ ቤት አይደለም።»

ከዚያ ነገረችው። በሃያ ሁለት ዓመቷ ቪጋንታስን ስታገባ፣ አሮጊቶቹ በእሳቱ ፊት ጉንጉኗን አውርደው እየዘፈኑ ሻሽ አሰሩላት። ያሰረቻት ጌኖቫይቴ ናት። ለማሰሪያው ዘጠኝ ዘፈን አለ። ለመፍቻው አንድም የለም። ከአያቶቻችን የደረሰን በዘፈን ነው፤ በዘፈን ያልደረሰንን አናደርገውም። ስለዚህ ቫይቫ በከተማው ውስጥ የተፋታች ሴት ናት፤ ጉብታው ላይ ግን የቪጋንታስ ሚስት።

«ለምን ትሄጂያለሽ ታዲያ?»

«እሳቱ የቪጋንታስ ነው እንዴ?» አለች። ቆይታ ደግሞ ቀስ ብላ «እዚያ ስቆም እናቴን አስታውሳለሁ» አለችው።

ሸሚዙን ተቀብላ አየችው። አንገቱ ጋ አንድ ቁልፍ ጎድሏል። ዶማንታስ ሆን ብሎ እንደነቀለው ለእኔ የነገረኝ በኋላ ነው። «ይሄ መሰፋት አለበት» አለች። «ቅዳሜ ና።»

ቅዳሜ መጣ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። በመስከረም መጨረሻ ጫካ ገብተው እንጉዳይ ሲለቅሙ፣ ቅርጫታቸው ሳይሞላ መሸባቸው። በጥቅምት ጌኖቫይቴ ቤት አብረው ሄዱ።

«በእሳቱ ፊት ልንጋባ እንፈልጋለን» አለ ዶማንታስ።

አሮጊቷ ቀዝቃዛ የቀይ ሥር ሾርባዋን ማማሰሏን አላቆመችም። «ማንን ልታገባ? የሰው ሚስት?»

«አክስቴ!» አለች ቫይቫ።

«አትጩሂብኝ። ቪጋንታስ ውሻ ነው፤ አውቃለሁ። ግን የታሰረ ራስ ላይ ሌላ ሻሽ አላስርም። በወጣትነቴ የመንግሥት ሰዎች ምን ይሉን እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹ከኪሳችሁ የፈጠራችሁት ሃይማኖት› ይሉን ነበር። እየሳቁ። አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ከኪሴ ሳላወጣ ኖሬአለሁ።» ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዓይኗ ለስለስ አለ። «መፍቻ ዘፈን አምጡልኝ። አንድ ይበቃኛል። በገዛ እጄ እፈታላታለሁ።»

ዶማንታስ የበረዶውን ክረምት ሙሉ ዘፈኖች የተጻፉባቸውን ካርዶች ሲያገላብጥ ከረመ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ዘፈኖች አሉ። በምሳ ሰዓት ዳቦውን እየገመጠ ያነባል። ቅዳሜና እሁድ ያነባል። ቫይቫ በየቀኑ ትደውላለች።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አርባ ዘፈን ስለ ዝይ።»

«አንዷም ዝይ አልተፋታችም?»

«ሁሉም ደስተኞች ናቸው። ያናድዳል።»

መጀመሪያ ይሳሳቁ ነበር። በጥር ላይ ሳቁ ቀነሰ። ስልኩ ላይ «እሺ» ይባባላሉ፣ ግን አይዘጉም። ቫይቫ ጀምራ የማትጨርሳቸው ቀሚሶች በዙ። «ባይገኝስ?» አለችው አንድ ቀን።

በየካቲት ተገኘ። አሥራ ሁለት መስመር፣ በ1930ዎቹ ከአንዲት መበለት የተቀዳ። መንደሯ ዛሬ የለም፤ ግድብ ውጦታል። ጌኖቫይቴ ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን ሦስት ጊዜ አነበበች። «ያሰረሽ እጅ ይፍታሽ፣ ነፋሱ ጸጉርሽን ይወቀው» የሚለው ጋ ስትደርስ አለቀሰች። ከዚያ በፊት እሷ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም።

«መፍቻ ነበራቸው» አለች። «አያቶቻችን ለተተወች ሴት አዝነዋል። እኔ ነኝ የጨከንኩት።»

የመፍቻው ቀን ነጭ ቅርፊት ያለው የበርች ዛፍ ለሚያቆጠቁጥበት በዓል፣ ለሚያዝያ ማብቂያ ተቆረጠ። ጌኖቫይቴ ዘፈኑን ለሴቶቹ ሁሉ አስጠናች። ቫይቫ ለዶማንታስ አዲስ መቀነት ሸመነችለት። ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ከዶማንታስ በቀር። ከሳ። ሰው ዘፈኑን ሲያዜም ከሰማ ተነስቶ ይወጣል። ፍርሃት መስሎን ቀለድንበት።

በበዓሉ ጠዋት የቫይቫን በር አንኳኳ። ሻሹን አስራ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በመስታወት እያየችው ነበር።

«ቫይቫ፣ ካርዱ የለም።»

«የቱ ካርድ?»

«መበለቷም የለችም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። በአንድ ሌሊት።»

ደጅ የአንድ ሰው መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ወደ ጉብታው መሄጃ ሰዓት ደርሷል።

«አክስት ጌኖቫይቴ ባንተ ግጥም ነው ያለቀሰችው?»

«አዎ።»

«ለምን ዛሬ ነገርከኝ? ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?»

«አንቺን ሲፈቱሽ ቆሜ ማየት አልችልም። ያውም... ውሸቴን ራስሽ ላይ እያዜሙ።»

«ደደብ» አለችው። «ክረምቱን ሙሉ ስጠብቅ የነበረው ዘፈኑን መሰለህ? አንተን እኮ ነው!» ከዚያ በአጠገቡ አልፋ መኪናው ውስጥ ገባች። እሱ ተከትሎ በእግሩ ሄደ፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርቱካናማው ካፖርት ቤቱ ቀርቷል፤ ዝናቡ ግን አልቀረም።

እርጥብ ሆኖ ሲደርስ እሳቱ ተለኩሷል። ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች ክብ ሠርተዋል። ጌኖቫይቴ ጣቶቿን በእሳቱ አሙቃ ወደ ቫይቫ ሻሽ ዘረጋች። ሴቶቹ ለመጀመሪያው መስመር ትንፋሽ ሳቡ።

«ቆይ፣ አክስቴ» አለች ቫይቫ። የአሮጊቷን እጅ ያዘች። «ይሄ ዘፈን ከአያቶቻችን አልመጣም። ዶማንታስ ነው የጻፈው።»

ትንፋሹ እዚያው ቀረ። እርጥብ እንጨት እሳቱ ውስጥ ሲንጣጣ ይሰማል።

ጌኖቫይቴ ዞራ አየችው። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አክስቴ። ይቅርታ አይገባኝም።»

«አይገባህም።» እጇ ወረደ። ባንዴ አረጀች። «ከኪስህ አወጣህልኝ። ለልጅ ልጆቼ አስተምሬዋለሁ እኮ!» አንገቷን ነቀነቀች። «እንግዲህ ልጄ፣ ልፈታልሽ አልችልም። እንደታሰርሽ ነሽ። ወደ ግራ ቁሚ።»

አንዲት ባለሻሽ ሴት በስተግራ ቦታ ለቀቀችላት። በስተቀኝ ያሉት ልጃገረዶች እርስ በርስ ተያዩ። ቫይቫ ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፤ ከሁለቱም ወገን አልሄደችም። ከዚያ ሁለት እጇን አንስታ፣ ራሷ ቋጠሮውን ፈታችው። ማንም አልዘፈነም። ሻሹን አጠፈችና ለጌኖቫይቴ ሰጠቻት፤ አሮጊቷ ሳታስበው ተቀበለች። ነፋሱ ጸጉሯን በተነው።

ዶማንታስ ከክቡ ውጭ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ቫይቫ እሱን አላየችም፤ እሳቱን እያየች፣ ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ ብላ ተናገረች፦

«ይሄን ውሸታም አገባዋለሁ። እዚሁ፣ በዚህ እሳት ፊት። ራሴ ላይ ግን ከዛሬ ጀምሮ ምንም አይታሰርም።»