ኳስ የማይመልስ ወረቀት

«ስምሽ የለም አልኩሽ እኮ!» አለች ሎጊት፣ የፒንግፖንግ ክፍሉን በር በአንድ እጇ እንደያዘች። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ቁልፍ ይወዛወዛል።

በሩ ላይ የቆመችው አዲስ መጪዋ ልጅ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። ግድግዳው ላይ የአባላቱ ስም ተለጥፏል። የእሷ በወፍራም እስክሪብቶ ተሰርዟል።

«ትናንት ነበረ» አለች።

«ትናንት አለፈ።»

ትናንት አዲሷ ልጅ ሎጊትን አስራ አንድ ለአራት አሸንፋታለች። ይህን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ከስም ዝርዝሩ አጠገብ ደግሞ የክበቡ መተዳደሪያ ደንብ በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል። አንቀጽ አምስቱ «ማንኛውም አባል በአባላት ፊት ቀርቦ ሳይሰማ ከክበቡ አይሰናበትም» ይላል። ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ግን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ራኬቱን መመርመር ያዘ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም!

ከሁሉም አብልጣ ዝም ያለችው ደግሞ ያንን ደንብ የጻፈችው ልጅ ነበረች። ስሟን ትተው «ጠበቃ» ይሏታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ድብብቆሽ እንኳ ስትጫወት «ቆይ፣ መጀመሪያ ሕጉን እንስማማ» ማለት ትወድ ነበር። ልጆቹ እሷ ሕጉን አውጥታ ሳትጨርስ ተደብቀው ያልቃሉ። እንዲህ ያለ ሰው ጓደኛ አይበዛለትም። ጠበቃም ምሳዋን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፋ ብቻዋን ስትበላ ሁለት ዓመት ቆይታለች።

አንድ ቀን ሎጊት መጥታ አጠገቧ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «አንቺ ልጅ፣ ሁልጊዜ ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የምትበዪው? እኔ ከግድግዳው የተሻልኩ ጨዋታ ዐዋቂ ነኝ» አለቻት። ጠበቃ ያን ቀን ከሳቋ የተነሳ ውሃው ትን ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን በልታ አታውቅም።

የፒንግፖንግ ክበቡንም ሁለቱ ናቸው ያቋቋሙት። ክፍሉ የተሰባበረ ወንበር ማጎሪያ ነበር። ሎጊት ርዕሰ መምህሩን ነዝንዛ አስፈቀደች፣ ጠረገች፣ ጠረጴዛውን አሰራች። ጠበቃ ደንቡን ጻፈች። ሁሉም አጨብጭቦ ፈረመ፤ ሎጊትም ሊቀመንበር ሆነች። ሊቀመንበር የሚያገለግለው ለአንድ ወሰነ ትምህርት ብቻ ነው፤ ከዚያ ቁልፉን ለተተኪው ያስረክባል። ወሰነ ትምህርቱ ግን አልቆ ሌላው ተጋምሷል። ቁልፉ አሁንም ሎጊት አንገት ላይ ነው። የጠረጴዛውም አንዱ ጫፍ የእሷ ሆኖ ቀርቷል፤ ሌሎቹ በሌላው ጫፍ ተራ ይጠብቃሉ።

አዲሷ ልጅ ከትምህርት በኋላ ጠበቃን በር ላይ ጠበቀቻት።

«ደንቡን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

«አሪፍ ነው። አንብቤዋለሁ።» ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። «ማን እንደሚያስከብረው ግን አላገኘሁትም። ገጹ ጎደለ ወይስ አልጻፍሽውም?»

እያሾፈች አልነበረም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። ጠበቃ ወደ ቤቷ አቀናች። መንገዱን ሁሉ አንቀጾቹን በልቧ እያገላበጠች ሄደች። ገጽ አልጎደለም። እንዲያውም አንቀጽ ዘጠኝ ላይ በገዛ እጇ «ስብሰባ የሚጠራው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው» ብላ ጽፋለች። ያኔ ሁሉም እየተነሳ ስብሰባ እንዳይጠራ ብላ ነበር። ሊቀመንበሯ ራሷ ባትጠራስ የሚለው በሕልሟም አልመጣባትም። ሎጊት ናት እኮ!

በማግስቱ የስፖርት መምህሩን ሄዳ ጠየቀች። መምህሩ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ «ደንባችሁ ግሩም ነው፣ ልጄ። ግን የራሳችሁ ነው፤ ራሳችሁ ጨርሱት» አሉና ሩጫ ወደሚሮጡት ልጆች ዞሩ። አልሸሹም፣ ዞር አሉ።

የቀራት ሎጊትን ራሷን መጠየቅ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ፣ የሁለቱ በሆነችው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጠየቀቻት።

«ስብሰባ ጥሪ።»

«የምን ስብሰባ?»

«ልጅቷ ቀርባ ትሰማ። ደግሞ ጊዜሽም አልቋል።»

ሎጊት ማኘኳን አቆመች። «አንቀጽ ዘጠኝ ምን ይላል? የምጠራው እኔ ነኝ። ስፈልግ። የጻፍሽው እኮ አንቺ ነሽ!» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። «ያንን ክፍል ማን ጠረገው? አቧራው ሳምንት ሙሉ ሲያስለኝ የት ነበሩ? አሁን ትናንት የመጣች ልጅ ቁልፉን ትውሰድ?»

«ቁልፉን አልጠየቀችም። ልጫወት ነው ያለችው።»

«ጠበቃ፣ ወረቀት እኮ ነው። ወረቀት ኳስ አይመልስም።» የምሳ ዕቃዋን ዘጋች። «ከእኔ ጋር ነሽ ወይስ ከወረቀቱ?»

ሎጊት ተነስታ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ጠበቃ አባላቱን አንድ በአንድ አነጋገረች። «ልክ ነሽ» አሏት። ሁሉም «ልክ ነሽ፣ ግን» አሏት። ከመካከላቸው አንድ መነጽራም ልጅ ብቻ ትንሽ ቀለደ። «ያ ደንብሽ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው» አለና ወዲያው አዘነላት። «ከሎጊት ከተጣላን ክፍሉ ይቆለፍብናል፣ ገባሽ አይደል?» ገብቷታል። ለዚህ ነው የከፋት።

ቤት ስትገባ እንደወትሮው ማንም የለም። ፍሪጁ ላይ እናቷ የለጠፈችው ወረቀት አለ፤ «በዚህ ቤት እራት አብረን እንበላለን» ይላል። እናቷ ነርስ ናት። ሆስፒታል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሥራ ይቀራል፤ የቀረውን ሰው ሁልጊዜ የምትሸፍነው የጠበቃ እናት ናት። ስልኩ ጠራ።

«የኔ እናት፣ ዛሬም ልዘገይ ነው። ብዪና ተኚ፣ እሺ?»

ጠበቃ «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች። የፍሪጁን ወረቀት አየችው። ደክሟት ነበር፤ ርቧትም ነበር፤ ከሁሉም በላይ ብቸኝነቱ መሯት ነበር።

«እጠብቅሻለሁ» አለች።

«ኧረ ልጄ፣ ይርብሻል!»

«ይራበኝ።»

ሁለት ሳህን አቀረበች። ሁለቱም ባዶ እንደሆኑ ተቀምጣ ሂሳብ ሠራች፤ ሆዷ እየጮኸ ያስቃት ነበር። እናቷ ከወትሮው ቀድማ፣ እያለከለከች ገባች። ሳህኖቹን ስታይ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። «አስቸገርሽኝ እኮ አንቺ ልጅ» አለች፤ የልጇን እጅ ግን አልለቀቀችም። ብዙ አላወሩም። በሉ።

በማግስቱ ጠበቃ ምሳዋን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ በላች። ግድግዳው እንደድሮው ቀዝቃዛ ነው። ሎጊት በአግዳሚው ወንበር ላይ ከሌሎች ጋር ስትስቅ ይሰማታል። ማልቀስ አማራት፤ ትንሽም አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ክበቡ ሄደች።

አዲሷ ልጅ መስኮቱ ስር ውጭ ቆማለች። ውስጥ ጨዋታው ደርቷል። የጠበቃ ተራ ሲደርስ ራኬቷን ይዛ በጠረጴዛው ጫፍ ቆመች። ሎጊት ዓይኗን ሳታይ ኳሱን ሰደደች። ኳሱ ነጥሮ በጠበቃ ጎን አለፈና ግድግዳውን መታ።

«ምን ሆንሽ? መልሺ እንጂ!»

ጠበቃ ራኬቷን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። «ልጅቷ ቀርባ እስክትሰማ አልጫወትም። ከዚህም አልነሳም።»

«በቃ ልቀቂያ! ተረኛ!» አለች ሎጊት።

ተረኛው መነጽራሙ ልጅ ነበር። ወደ ሎጊት አየ፣ ወደ ጠበቃ አየ፣ መስኮቱን አየ። ጠበቃ ዞራ አላየችውም፤ እንዳትለምነው ፈርታ ነው። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ጭና ጠበቀች።

ከኋላዋ የራኬት ድምፅ አልመጣም። መነጽራሙ ልጅ በርከክ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀምሯል። ክሩ ታስሮ ነበር። ፈታውና እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ ማሰር ጀመረ።