እዚያው የቆመው ደመና

ልጆቼ፣ የሰማዩን ነገር የእህቴ ልጅ እንዳስረዳችኝ ነው የምነግራችሁ፤ የልቧን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሥራዋ ደመና ማወዳደር ነበር። ነፋስ ተራራ ሲዘል እንደ ውሃ ይናወጣል፤ በሞገዱ ጫፍ ላይ ደመና ይሠራል። በእኛም ምድር፣ በማርስም፣ በቬነስም። የሩቆቹን ከፎቶ ታያለች። የእኛን የሚመዘግብላት ከአንድ ተራራ ሥር ባለ ጣቢያ የሚሠራ የአየር ጠባይ ታዛቢ ነበር። ሁሌ ሽቅብ ስለሚያይ «አንጋጦ» ይሉታል።

አንድ ቀን መዝገብ ልትቀበል ሄዳ ሳቁን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ስልክ ነው።

«ሰማዩ እንዴት አደረ?»

«አንቺን ሲጠይቅ አደረ።»

«ውሸታም!»

ይቺው የጨዋታ ቃል ናት ኋላ መርዝ የሆነችው።

ደመናው በየሰዓቱ የት እንደደረሰ እንዲጽፍላት ጠየቀችው። ዐሥር መስመር ላከላት። ዐሥሩም «እዚያው ነው» ይላሉ፤ ከጎናቸው ደግሞ «ነፋሱ ብርቱ» ብሏል። ደሟ ፈላ። ሲደውል አላነሳችም። ለአለቃዋ «በዚህ ነፋስ ደመና አይቆምም፤ ውሸታም ነው፤ ተኝቶ አንዱን መስመር ነው የገለበጠው» ብላ ጻፈች። ወሩ ሳይሞላ አንጋጦን አሰናበቱት፤ ደብዳቤዋንም አነበቡለት።

በሳምንቱ የቬነስ ፎቶዎች ደረሷት፤ በአራት ቀን የተነሱ አራት። ዙሪያው ያለው ደመና ይጋልባል፤ እዚያ ካለ ተራራ በላይ የተሠራው ሞገድ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አክስቴ፣ ጉድ ሠራሁ!» ብላ መጣችብኝ።

«እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? የበደልሽው እኔን ነው እንዴ?»

ጣቢያው በር ላይ ሻንጣውን ሲያስር ደረሰችበት። ያ ደመና ከራሱ በላይ ቆሟል።

«ስህተቱ የኔ ነው ብዬ ለአለቃዬ ጽፌያለሁ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አሉኝ።»

የሻንጣውን ማሰሪያ አጠበቀ።

«አንዴ እንኳ ደውለሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ፈራሁ። ‹አዎ፣ ገልብጬ ነው› ብትለኝስ ብዬ።»

ሽቅብ አየ። «የሚያልፈው ነፋሱ ነው። ደመናው በአንድ በኩል እየተሠራ በሌላው ይተናል፤ ቦታውን ግን አይለቅም።»

አውቶቡሱ መጣ። ሩቅ ከተማ ሌላ ሥራ አግኝቶ ነበር።

«እጠብቅሃለሁ» አለችው።

«በዚህ ነፋስ?» አለና ተሳፈረ።

በየሳምንቱ ጻፈችለት፤ አንድ መስመር ብቻ፦ «እዚያው ነኝ»። ዐሥር ደብዳቤ ላከች፤ መልስ የለም። እኔም «በቃሽ ልጄ» ማለት ጀምሬ ነበር።

ዐሥራ አንደኛውን ልትጽፍ ስትቀመጥ ስልኳ ጮኸ። አጠገቧ ስለነበርኩ ድምፁን ሰማሁት።

«ሰማዩ እንዴት አደረ?»

መልሷን ከእኔ አትጠብቁ። በሩን ዘግቼላት ወጣሁ።