የኋላው ወንበር ማዳመጫ

ታምሲን የሄልሜቱን የጎን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘች። ትንሿ መብራት ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቀች መብለጭለጭ እስክትጀምር ድረስ መልቀቅ አይቻልም፤ ቀድሞ የለቀቀ ሰው ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምረዋል። አባቷ ዳሪል ለእንዲህ ያለ ነገር ትዕግስት ኖሮት አያውቅም። ሞተሩ ስክሪንና አራት ስፒከር ያለው ትልቅ የረጅም መንገድ ሞተር ነው። ከእሱ ጋር ማዳመጫ ማገናኘት ግን ሁልጊዜ የታምሲን ሥራ ነበር።

«አለቀ?» አላት አንድ ትልቅ የአሻንጉሊት ድብ ከሞተሩ ፊት ለፊት በገመድ እያሰረ።

«ልጨርስ ነው።»

ሄልሜቱ የእሷ አልነበረም፤ የፔታ ነው። ፔታ የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ስትሆን እናቷ ሊያን የዳሪል ወዳጅ ናት። ከሐምሌ ጀምሮ እናትና ልጅ ጠቅልለው እነ ታምሲን ቤት ገብተዋል። ፔታ ሻንጣዋን እየጎተተች በገባችበት ቀን «እንደ እህት ትሆናላችሁ» ተብሎ ነበር። ታምሲን እህት ይምጣልኝ ብላ ለማንም አልጠየቀችም።

በየዓመቱ ከገና በፊት የፖርት ፒሪ ከተማ የሞተረኞች ማኅበር አባላት አሻንጉሊት በየሞተራቸው ጭነው ክሌር ከተማ ድረስ ይሄዳሉ፤ እዚያ ላጡ ሕፃናት ይከፋፈላል። ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ክንዳቸው በንቅሳት የጠቆረ ሰዎች ሮዝ ጥንቸል አቅፈው ሲነዱ ማየት የተለመደ ነው። ታምሲን እናቷ ከሞተች ወዲህ አንድም ጊዜ ሳይቀርባት ከአባቷ ኋላ ተቀምጣ ሄዳለች። ትናንት ማታ ግን ዳሪል ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ ዘንድሮ ከእኔ ጋር ፔታ ትሄዳለች፣ አንቺ ከመሪያችን ከሮንዳ ጋር ሂጂ፣ ታላቅ አይደለሽ አላት። እሺ አለችው። ከፍቷት እንደሆነ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ያንገበገባት ወንበሩ ብቻ አይደለም። ዳሪል ቤት ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር አከታትሎ የማይናገር ሰው ነው፤ ሞተር ላይ ሲወጣ ግን አንደበቱ ይፈታል። ሄልሜት ውስጥ ሆነው፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ ነፋሱ ዙሪያቸውን እየጮኸ፣ ታምሲን ለማንም የማትነግረውን ለእሱ ነግራዋለች። ሒሳብ መውደቋን የነገረችው እዚያ ነው። የእናቷ ድምፅ እየተረሳት መሆኑንም የነገረችው እዚያው ነው። ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነበር፤ «ሄልሜት ውስጥ የተወራ ሄልሜት ውስጥ ይቀራል።» ዛሬ ጠዋት ጋራዥ በር ላይ ይህንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ ለፔታ ሲነግራት ሰማችው።

መብራቷ መብለጭለጭ ጀመረች። ታምሲን ስክሪኑ ላይ «የኋላ ተሳፋሪ» የሚለውን ነካች። ሞተሩ ማዳመጫውን አገኘውና መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ጆሮዋን ወደ ሄልሜቱ ስታስጠጋ የአባቷ የድሮ ሙዚቃ ከውስጥ ይሰማል። ሥራው አልቆ ነበር፤ እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር።

የማኅበሩ ሞተረኞች እርስ በርስ የሚደማመጡበት አንድ የቡድን መስመር አላቸው። መሪዋ ሮንዳ ትናገራለች፣ ሌላው ያዳምጣል። ዳሪል ወሬ ስለሚጠላ መስመሩን አይከፍትም። ይሁንና የኋላው ወንበር ማዳመጫ ከሞተሩም ከቡድኑም ጋር ከተያያዘ፣ ወደዚያ ሄልሜት የገባው ድምፅ ሁሉ፣ የነጂውም ጭምር፣ ለሞተረኛው ሁሉ ይደርሳል። ታምሲን አምና ሳታውቅ እንዲህ አድርጋ ዳሪል ሲዘፍን ማኅበሩ በሙሉ ሰምቶት ነበር፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ተሳልቀውበታል።

ዘንድሮ ስህተት አልነበረም። ቁልፉን ሁለቴ ነካችው። አረንጓዴው ሰማያዊ ሆነ። ፔታ የሌሎቹን ድምፅ እንዳትሰማ የቡድኑን ድምፅ ወደ ዜሮ አወረደችው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ዳሪል ግን ማጭዱን በገዛ እጁ ነበር ያቀበላት።

ፈርታ ብታለቅስ ወይም የማይረባ ነገር ብትቀባጥር ትንሽ ይሳቅባታል፣ ከዚያ አያልፍም ብላ ለራሷ ነገረች። በውስጧ ግን ከዚያ እንዲያልፍ ፈልጋለች።

«ይሠራል?» አለች ፔታ ሄልሜቱን ስትቀበላት።

«ይሠራል።»

«አመሰግናለሁ፣ ታም።»

ታም ብሎ የሚጠራት አባቷ ብቻ ነበር።

ሮንዳ ከፊት ሆና መራች፤ ታምሲን ከኋላዋ ነች። ሮንዳ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ከማኅበሩ ወንዶች አንዱም በነገር አይችላትም። ዳሪል እንደ ወትሮው የሰልፉ መጨረሻ ላይ ሆኖ የዘገየውን ይጠብቃል። በመሃላቸው የሌሎቹ ሞተር ተሰልፏል፤ ከአንዱ ላይ የታምሲን ክፍል ተማሪ ኮርቢን አባቱን ተጠግቶ ተቀምጧል። ስንዴው ታጭዶ ሜዳው ቢጫ ነው። ሙቀቱ ገና በጠዋት ያቃጥላል።

መጀመሪያ ፔታ አዜመች። ቀጥላ በጎች አየች፣ በጎቹን ለዳሪል አሳየችው፣ ስለ በጎቹ ጠየቀችው። በቡድኑ መስመር ኮርቢን ሳቀና «ይቺ ልጅ ፋራ ናት» አለ፤ ሮንዳ ዝም በል አለችው። ታምሲን በሄልሜቷ ውስጥ ፈገግ አለች። ትንሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ የፔታ ድምፅ ቀነሰ።

«ዳሪል፣ አንድ ነገር ልንገርህ? እዚሁ ይቀራል አይደል?»

«እዚሁ ይቀራል።»

«ትምህርት ቤት፣ አባቴ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው ብያለሁ። ለገና ይመጣል ብያቸዋለሁ። ውሸቴን ነው። አደላይድ ከተማ ነው ያለው። ሌላ ልጅ ወልዷል። ባለፈው ስደውልለት ሁለተኛ እንዳትደውይ፣ ቤቴን ትረብሺብኛለሽ አለኝ።»

ታምሲን የፔታ አባት መርከበኛ ነው የሚለውን ወሬ ከክፍል ልጆች ሰምታ ቀንታ ነበር፤ ለእሷ የሞተች እናት አለቻት፣ ለፔታ ደግሞ ስጦታ ይዞ የሚመጣ አባት።

«ዳሪል፣ ስማኝ፣ ሁላችንም እየሰማንህ ነው» አለች ሮንዳ። «ማዳመጫውን አጥፋው።» መልስ የለም። ደገመችው። ዳሪል መስመሩ ላይ አልነበረም፤ ፔታም ድምፁ ተዘግቶባታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው ሆነ። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ ያን ሁሉ ሞተር በድንገት ማቆም ሰው መግደል ነው። ሮንዳ የሚያርፉበት ነዳጅ ማደያ ድረስ መቻል ነበረባት።

ፔታ ቀጠለች። የትምህርት ቤት መዝጊያ ምሽት ላይ ወላጆች ይመጣሉ አለች። ዳሪልን አባቴ ነው ብላ ለማንም አትናገርም፤ መጥቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥላት ይበቃታል።

«እመጣለሁ» አለ ዳሪል። ታምሲን የራሷ ብቻ ይመስላት በነበረው በዚያ ለስላሳ ድምፅ ነው ያለው።

«ታምሲንስ? ይከፋታል።»

ዳሪል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ታምሲን ከገና በኋላ ዳርዊን ትሄዳለች፤ አክስቷ ጋር። ገና አልነገርኳትም። ስትስቅ እናቷን ነው፣ ስትቆጣ እናቷን ነው የምትመስለው። ከእሷ ጋር አንድ ቤት መኖር አቅቶኛል፣ ፔታ። ስትሄድ ለሁላችንም ይቀለናል። እንዳትነግሪያት።»

የሮንዳ ጀርባ ሲደነድን ለታምሲን ተሰማት። ሮንዳ ግራ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የታምሲንን ጉልበት ያዘችው፤ ለቀቅ አላደረገችውም። ታምሲን መንገዱን አየች። ዳርዊን የአገሩ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ አባቷ ከቤቱ ሊያርቃት ፈልጎ ከዚያ የበለጠ ሩቅ ከተማ አያገኝም ነበር።

ነዳጅ ማደያው ጋ ቋሊማና ሽንኩርት ይጠበሳል። ሞተረኞቹ ወርደው ሁሉም ጎማውን መመርመር ጀመረ። የእዚያ አገር ሰው የሌላውን ገመና ሲሰማ እንደዚያ ነው፤ የሚያየው ጎማ ይፈልጋል። ሮንዳ በቀጥታ ወደ ዳሪል ሄዳ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገረችው። ዳሪል ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

ኮርቢን ጎማ የሚያይ ዓይነት ልጅ አይደለም። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጥላው ሥር ቆሞ ዳቦና ቋሊማ ይዛ የምታልፈውን ፔታን ጠራት።

«አባትሽ መርከቡን የት አቆማት?»

ፔታ ስላልገባት ፈገግ አለች። ኮርቢን ድምፁን እንደ ትልቅ ሰው አጎረነነ።

«ሁለተኛ እንዳትደውይ፣ ቤቴን ትረብሺብኛለሽ።»

ልጆቹ ተንከተከቱ። ፔታ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ ያየችው ኮርቢንን ሳይሆን ዳሪልን ነው። ያንን ነገር የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ዳቦዋን መሬት ላይ ጥላ ከማደያው ጀርባ ወዳለው የውኃ ታንከር ሮጠች። ዳሪል ተከትሏት ሄደና ብዙም ሳይቆይ ብቻውን ተመለሰ።

ወደ ታምሲን መጣ።

«አንቺ ነሽ?»

የሄልሜቷን ማሰሪያ ፈታች።

«ሁሉንም ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

እንደዚያ ማለቴ አይደለም እንዲላት ጠበቀች። ሰው ሲደክመው የማይለው የለም ቢላትም ትቀበለው ነበር። ዳሪል እጁን በሱሪው ጠረገ።

«እንግዲህ ለምን እንደምትሄጂ አሁን ገብቶሻል» አላት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እሱም ሊያሸው አልሞከረም። ስለ ፔታ ነገራት፤ ማዳመጫው ተበላሽቶ ነው ቢላትም አላመነችውም። ሁለተኛ ከእሱ ጋር አትወጣም፤ ከቤቱም እንሂድ እያለች ነው። ክሌር ላይ ሕፃናት እየጠበቁ ስለሆነ መሄድ አለባቸው። ፔታ ከሮንዳ ጋር ትሆናለች።

«አንቺ ነይ፣ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ» ብሎ ነዳጁን ሊከፍል ሄደ።

የኋላው ወንበር ባዶውን ነበር። የፔታ ሄልሜት ላዩ ላይ ተቀምጧል፤ መብራቷ አሁንም ሰማያዊ ናት። ታምሲን ዝም ብትል ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ፔታ ዳሪልን ትጠላዋለች፣ እናትና ልጅ ሻንጣቸውን ይጎትታሉ፣ ምናልባት ዳርዊንም ይቀራል። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አሰበችው። ከዚያ ሄልሜቱን አንስታ ወደ ውኃው ታንከር ሄደች።

ፔታ አቧራው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ለሁሉም ነገራቸው» አለች። «እዚሁ ይቀራል ብሎኝ።»

ታምሲን ቁጢጥ ብላ ሄልሜቱን በመሃላቸው አስቀመጠችው።

«መብራቷን አየሻት? አረንጓዴ ስትሆን የሚሰማሽ አባቴ ብቻ ነው። ሰማያዊ ስትሆን ግን ሁሉም ይሰማሻል።»

ፔታ መብራቷን አየቻት።

«ጠዋት ስትሰጪኝ ምን ነበረች?»

«ሰማያዊ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እኔ ነኝ ያደረግኳት።»

ትሰድበኛለች ብላ ታምሲን ተዘጋጅታ ነበር፤ ብትመታትም አትከላከልም። ፔታ ግን ተነስታ ሱሪዋን አራገፈችና፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው፣ በተረጋጋ ድምፅ ተናገረች።

«ዳርዊን በጣም ይሞቃል አሉ።»

«አሉ» አለች ታምሲን።

ቁልፉን ሁለቴ ነካችው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ። ሄልሜቱን ሰጠቻት፤ ፔታ ሳታመሰግን ተቀብላት ወደ ዳሪል ሞተር ሄደች። ዳሪል የምትመጣውን አይቶ፣ ቀጥሎ ከኋላዋ ታምሲንን ፈለገ። ታምሲን ወደ ሮንዳ ሞተር ታጥፋ ነበር።

ሮንዳ ጓንቷን አጠለቀች። ሞተሩ ላይ ከወጡ በኋላ ብቻ አንገቷን ዞር አደረገች።

«ሁለታችን ብቻ የምንደማመጥበት አድርጊው። እኔ አላውቅበትም።»

ታምሲን የሄልሜቷን ቁልፍ ተጭና ያዘች። መብራቷ ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቀች እስክትብለጨለጭ አልለቀቀችም። በሮንዳ ትከሻ ላይ እጇን ዘርግታ ስክሪኑን ነካች፤ መብራቷም አረንጓዴ ሆነች። ታምሲን ክሌር እስኪደርሱ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ሮንዳም መስመሩን ክፍት እንደሆነ ተወችላት።