የማሚቶ አሳዎች

ተክሏ እንደገና ተነቅላ ተንሳፈፈች። ጭምቷ እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሰበሰበች፤ ክንዷን የመስታወት ገንዳው ውስጥ ነክራ፣ ቀጭኗን ግንድ በመቆንጠጫ ይዛ ወደ ታች አወረደቻት። ከጠጠሩ ስር ያለውን ጥቁር አፈር ስታገኝ ሥሯን ቀበረችና ጠጠሩን በጣቷ ጠቀጠቀችባት።

«እዚያው ቁጭ በይ» አለቻት። «ያቺን ሌባ አብረን ነው የምናሳርራት።»

«ከተክል ጋር ማውራት ጀመርሽ?» አላት ታላቅ ወንድሟ ከበሩ ላይ።

ወንድሟ መስታወት ቤት ነው የሚሠራው። ገንዳውን ከቁርጥራጭ መስታወት፣ ጠርዙን በሲሊኮን አጣብቆ የሠራው እሱ ነው። ሲሠራው ግን ለሁለት ብሎ ነበር፤ ለእህቱና ለጓደኛዋ ለማሚቶ።

ማሚቶ ይህ ቅጽል የወጣላት ሰው ያወራውን ቀልድ ከአፉ ቀምታ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ እንደ ገደል ማሚቶ ስለምትደግመው ነው። ሳቁ ለእሷ ይሆናል። ጭምቷ ደግሞ እንደ ቅጽሏ ናት፤ ቃል የምታወጣው ቆጥባ ነው። ለዓመታት ተስማምተው የኖሩትም በዚሁ ነበር። አንዷ በቀስታ ትናገራለች፣ ሌላዋ ጮክ ብላ ትደግማለች።

ለሳይንስ የቤት ፕሮጀክት ተክል ያለበት የአሳ ገንዳ እንሥራ ያለችው ጭምቷ ናት። አፈሩ ከስር፣ ጠጠሩ ከላይ፣ ረጃጅሞቹ ተክሎች ከኋላ፣ አጫጭሮቹ ከፊት፣ አሳዎቹ ግን ከሁሉም በኋላ እንደሆነ አንድ በአንድ አስረድታታለች። ሐሳብ የሚቀርብበት ቀን ሲደርስ ማሚቶ ቀድማ ብቻዋን ለመምህሩ አቀረበችው። የጭምቷ ተራ ደርሶ መናገር ስትጀምር መምህሩ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት።

«ይሄንን እኮ ጓደኛሽ ቅድም ነገረችኝ። ከሰው ከምትኮርጂ የራስሽን ብታስቢ አይሻልም?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጭምቷ ወደ ማሚቶ ዞረች። ማሚቶ አንገቷን ደፍታ እስክሪብቶዋን እየፈታች ትገጥማለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጭምቷ ያን ዕለት ጥርሷን ነክሳ ቤቷ ገባችና ገንዳውን ለብቻዋ ልትሠራ ቆረጠች። መምህሩ በየቤቱ እየዞረ ፕሮጀክቶቹን ማየቱ አይቀርም። ያኔ ማን ከማን እንደኮረጀ ውሃው ራሱ ይመሰክራል።

አሳ ሻጩ ቶሎ አሳ እንዳታስገባ አስጠንቅቋት ነበር። ከአሳ የሚወጣው ቆሻሻ መርዝ ይሆናል፤ መርዙን የሚበላው ባክቴሪያ ደግሞ በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ የሚራባው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ጠበቀች። ባክቴሪያው እንዲራባ ቁንጣሪ የአሳ ምግብ እየጣለች፣ መብራቱን እያበራች እያጠፋች፣ ባዶ ውሃ ስትጠብቅ ከረመች። ወንድሟ «አሳዎቹ እንዴት አደሩ?» እያለ ያሾፍባታል።

ማሚቶ ግን የራሷን ገንዳ ገዝታ በሞላችበት ቀን አሳ ጨመረችበት። ፎቶው በክፍሉ ሁሉ ስልክ ዞረ። «አቦ፣ አንቺ እኮ አራዳ ነሽ!» ሲሏት ጭምቷ እየሰማች አንጀቷ አረረ።

ጊዜው ደረሰና የጭምቷ ተክሎች ሥር ሰደዱ፤ ውሃው እንደ መስታወት ጠራ። የመጀመሪያዎቹን ትናንሽ አሳዎች ባስገባች ሰሞን፣ ማሚቶ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በር ላይ ጠበቀቻት። ፊቷ ገርጥቷል።

«አሳዎቼ ታመውብኛል። ውሃው ወተት መስሏል። ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ምን ላድርግ?»

ጭምቷ መልሱን ታውቀዋለች። ከውሃው ጥቂቱን ብቻ መቀየር፣ ምግብ ማቆም፣ ስፖንጁን አለመንካት። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያውን ይፈጃልና።

«ስፖንጁን አውጥተሽ በቧንቧ ውሃ ፈትጊው» አለቻት። «ውሃውንም ጠቅላላ ቀይሪው። በቀጥታ ከቧንቧው።»

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ።»

ማሚቶ አቅፋት ሮጠች። ጭምቷ ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት የሚረግጥ አይመስልም ነበር። ነገ ማሚቶ ባዶ ገንዳ ታቅፋ ስትቀር በዓይነ ሕሊናዋ እያየች፣ ክፍሉ የሳቀባትን ያንን ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ሳቀችው።

ቤት ደርሳ ለወንድሟ ስትነግረው እሱ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም።

«እሺ፣ ብድርሽን መለስሽ» አላት። «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ስልክሽን ደጋግመሽ የምታዪው?»

ስልኳን አስቀመጠች። ገንዳው ፊት ቁጭ አለች። አሳዎቹ ጥላዋን ሲያዩ ምግብ መስሏቸው ተሰብስበው ወደ ላይ ወጡ፤ ውሃው ጫፍ ላይ አፋቸውን ከፈት ከደን አደረጉ። ጭምቷ ፊቷን አዞረች። ዞር ብትልም ታያቸዋለች፤ የእሷን ሳይሆን የማሚቶን።

ለማሚቶ ቅንጣት አላዘነችም። አሁንም ስታስባት ደሟ ይፈላል። ግን እነዚያ አሳዎች ማንንም ኮራጅ አላስባሉም። ተነሥታ መቀስ አመጣች፤ ከማጣሪያዋ ስፖንጅ ግማሹን ቆርጣ ከገንዳው ውሃ ጋር በላስቲክ ቋጠረችና ወጣች።

በሩን የከፈተችላት ማሚቶ ራሷ ነበረች። እጅጌዋ ርሷል። ገንዳው እስከ ግማሽ ጎድሏል፤ ስፖንጁ መታጠቢያው ውስጥ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል፤ ቧንቧው ባልዲ ላይ ይወርዳል። አንድ አሳ በጎኑ ተጋድሞ ይንሳፈፋል።

«ቧንቧውን ዝጊው» አለች ጭምቷ። «ውሸቴን ነው። እንዲሞቱብሽ ብዬ ነው የነገርኩሽ።»

ማሚቶ ቧንቧውን ዘጋች። «በቲቸር ምክንያት?» አለች።

«አዎ፣ በእሱ።»

ጭምቷ ግማሹን ስፖንጅ ማጣሪያው ውስጥ ከተተች። አሳ ሻጩ የሰጣትን ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ከኪሷ አውጥታ፣ ማሚቶ ባቀረበችው ባልዲ ውሃ ላይ ጨመረች። የሞተውን አሳ ማሚቶ በማንኪያ አወጣችው።

«ታረቅን ማለት ነው?»

«አልታረቅንም። የመጣሁት ለአሳዎቹ ነው። ነገ ክፍል ውስጥ ተነሥቼ ሐሳቡ የማን እንደነበር እናገራለሁ። አንቺ ባለሽበት።»

ማሚቶ ማንኪያውን አስቀመጠች። ከዚያ ቀና አለችና ዓይን ዓይኗን እያየች ጠየቀቻት።

«ስለ ስፖንጁስ?»

ጭምቷ እዚህ እስክትደርስ ድረስ ይህን አላሰበችውም ነበር። ክፍሉ ሊላት የሚችለውን ሁሉ አሰበች። በግማሹ ውሃ ውስጥ የቀሩት አሳዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«እሱንም እናገራለሁ» አለች።

ባልዲውን አነሣች። ጠጠሩ እንዳይረበሽ ግራ መዳፏን ከስር ዘርግታ፣ ውሃውን በእጇ ላይ ቀስ እያደረገች ማንቆርቆር ጀመረች።