የወንድሜ የጨው ውሃ ዓሣ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ አሁንም አምኜ አይደለም፣ ያየሁትን ብቻ ልንገርህ።

ታላቅ ወንድሜ ኤልያስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፣ ሳሎናችን ውስጥ የመስታወት ገንዳ አቁሞ፣ ጨዉን ከጅቡቲ በሚመላለስ ሾፌር እያስመጣ አንድ የባሕር ዓሣ ያኖር ነበር፣ ትሪገርፊሽ ይሉታል። ጎንደር ላይ የባሕር ዓሣ፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያየው ነበር። ይህ ዓሣ ሲፈራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የጀርባውን እሾህ ያቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ቢጎትቱት አይወጣም። ምግቡ ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው፣ እሱንም ከኤልያስ እጅ በቀር አይበላም። ኤልያስ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ «እንዳይሞትብኝ» አለኝ፣ ሌላ ነገር አላለኝም።

ኤልያስን በቀበርነው ማግስት አጎታችን አያ ታደገ ከመካነ ብርሃን መጡ፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጡና የገንዳውን ውሃ የሚያንቀሳቅሰውን የፓምፑን ድምፅ ሰሙ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞቶ ቤቱን ወፍጮ ቤት አስመሰላችሁትሳ» አሉኝ።

ክፉ አስበው አይደለም፣ በእነሱ ዘንድ ሀዘን ቤት ውስጥ የሚጮኽና የሚያበራ ነገር ነውር ነው፣ ሶኬቱን ነቀሉና መስታወቱን በጋቢያቸው ሸፈኑት። በለቀስተኛ ፊት ለሽማግሌ ምን ይባላል፣ ደግሞ ያን ሰሞን ምንም አይሰማኝም ነበር፣ እመነኝ፣ እንባም የለኝም።

በማግስቱ ከሰዓት እማዬ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ናት፣ ሳሎን እኔና አያ ታደገ ብቻ ነን፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ።

«ማነው ቆሎ የሚቆረጥመው?» አሉኝ።

እጄን አየሁ፣ ባዶ ነው። ድምፁ ከጋቢው ሥር ነበር። ስገልጠው ዓሣው ከስንጥቁ ወጥቶ ፊት ለፊት ቆሟል፣ የሽሪምፕ ቅርፊት ቀስ እያለ ወደ አሸዋው ይወርዳል፣ ፓምፑ ተነቅሎ ሳለ ውሃው ከላይ ይወዛወዛል፣ አሁን እጅ እንደወጣበት። ፍሪጁን ሄጄ ከፈትኩ፣ ሽሪምፑ ኤልያስ በፕላስተር እንዳሸገው ነው፣ አልተነካም።

አያ ታደገ ተነስተው ሶኬቱን ራሳቸው መልሰው ሰኩት። ማለዳ ሳይሰናበቱን ወደ አገራቸው ሄዱ፣ ጋቢያቸውንም አልወሰዱም።

አሁን የማበላው እኔ ነኝ። ማለት፣ ሽሪምፑን እጥላለሁ፣ እሱ ድንጋዩ ውስጥ ተቆልፎ ያየኛል፣ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። ስመለስ የጣልኩት አሸዋው ላይ እንዳለ ነው፣ እንዳይሸት በጭልፋ አወጣዋለሁ። እማዬ «በላ?» ትለኛለች፣ «በላ» እላታለሁ፣ ትንሽ ፊቷ ይፈታል።

ዓሣው ግን እየወፈረ ነው።