ሻምበል ያልቆፈረው መደብ

ሌላው የሚቀጣበትን ጥፋት እያወቀ አፉን የሚዘጋ ሰው የጥፋቱ ተካፋይ ነው፤ ገና አሥራ አራት ዓመቱ መሆኑም ነጻ አያወጣውም። የሚከተለው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

«ይኼም አረም ነው፣ ንቀዪው» አለች ፈጣኗ። ጭምቷም ነቀለችው።

ሁለቱ የአሥራ አራት ዓመት ጓደኛሞች በሠፈራቸው መናፈሻ፣ ከእግረኛው መንገድ ዳር ባለው የአበባ መደብ ላይ ተንበርክከዋል። ትምህርት ቤታቸው ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አረም እንዲነቅሉ ልኳቸው ነበር። ፈጣኗ ስሙ የወጣላት በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ነው፤ ኳስ እግሯ ሥር ከገባች የሚደርስባት የለም። ዛሬም ልምምድ እንዳያመልጣት እጇ ከዓይኗ ቀድሞ ይሠራል። ጭምቷን ደግሞ እናቷ ናት በሕፃንነቷ እንዲያ ያለቻት፤ ስታለቅስ እንኳ ድምፅ አታሰማም ነበርና። ዛሬም ጓደኛዋ ካዘዘቻት ለምን ብላ አትጠይቅም።

የነቀሉትን ሁሉ ሰብስበው ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ከጣሉ በኋላ መደቡ እንደ ተላጨ ራስ ባዶውን ቀረ። ጥጉ ላይ የተረፈችውን አንዲት ቡቃያ ጭምቷ ሳብ ስታደርጋት ሥሯ ከነአፈሩ ወጣ፤ ክብ ሆኖ፣ የወተት ቆርቆሮን ቅርጽ እንደያዘ። ልጅቷ እጇ ላይ አስቀምጣ አየችው፤ አረም አልነበረም። የሠፈሩ እናቶች ለዚህ መናፈሻ ብለው በየማድ ቤታቸው መስኮት ላይ በቆርቆሮ ያፈሉት ችግኝ ነው። የእናቷም አለበት። ጭምቷ በየምሽቱ ከዚያው መስኮት ሥር ቆማ ሳህን ስታጥብ ወራት አልፈዋል፤ አንድ ቀን ግን ቀና ብላ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል አላየችም።

ፈጣኗ ጉዳዩ ሲገባት ከንፈሯን ነከሰች። ወዲያው ግን ዓይኗ ከሣሩ ላይ በጀርባው ከሚንከባለለው ከሻምበል ላይ አረፈ። ሻምበል የጡረተኛው የሰዓት ሠሪ ውሻ ነው፤ ወፍራም፣ እንቅልፋም፣ የሠፈሩ ሕፃናት ሁሉ ጆሮውን የጎተቱት። ፈጣኗ ውሻ የቆፈረው እንዲመስል መደቡን በሁለት እጇ እየጫረች አፈሩን ወደ ኋላ በተነችው። ጭምቷ ቆማ አየች፤ አላገዘችም፣ አልከለከለችምም።

በማግስቱ የሠፈሩ ሰዎች መደቡን ከበው ሲያዝኑ፣ ፈጣኗ ውሻው ሲቆፍር በዓይኗ ማየቷን በረጋ ድምፅ ተናገረች። ሁሉም ዞረው ሻምበልን አዩት። መዳፉ አፈር ለብሷል፤ መቼስ የውሻ መዳፍ አፈር ሳይለብስ የሚውልበት ቀን የለም። ሰዓት ሠሪው ሻምበል አፈር ሲያገኝ ይተኛበታል እንጂ አይቆፍርም ብለው ሊያስረዱ ሞክረው ነበር፤ የሚሰማቸው አላገኙም። የመናፈሻው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ በነርስነት አርጅተው ጡረታ የወጡ ቆፍጣና ሴት፣ ውሻው ሁለተኛ በመናፈሻው በር እንዳይገባ ወሰኑ።

ከዚያ በኋላ ጭምቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሽማግሌውን በየቀኑ ከበሩ ውጭ ታገኛቸው ጀመር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚያወጣቸው ያ ውሻ ብቻ ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያፍታቱትም ከእርሱ ጋር መናፈሻውን ሲዞሩ ነበር። አሁን ሻምበል በሩ ላይ ደርሶ ዘጭ ይላል፤ አልነሣም ይላል። እርሳቸው ገመዱን ላላ አድርገው ይለምኑታል።

«ተነሥ እንጂ ጌታው። ተከልክለናል አልኩህ፤ ሕግ ነው።» ጭምቷን ሲያዩ ፈገግ አሉ። «እንደምን ዋልሽ ልጄ? አየሽው ይኼን? እኔስ ሰው ነኝ፣ ነገሩ ይገባኛል። እርሱ ግን ምን አጠፋሁ እያለ ያየኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?»

ጭምቷ አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ቤት ስትገባ እናቷ ባዶ ቆርቆሮዎች ደርድራ እንደ አዲስ ዘር ስትዘራ አገኘቻት። ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች፣ በሻምበል ተናድዳ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«በምኑ እናደዳለሁ የኔ ልጅ? እንስሳ ነው፣ አያውቅም» አለች እናቷ አፈሩን በጣቷ እየጠቀጠቀች። «ሰው አድርጎት ቢሆን ነበር የሚከፋኝ።»

በማግስቱ ጭምቷ ጓደኛዋን በትምህርት ቤቱ ግቢ ለብቻዋ ወስዳ አብረው ሄደው እንዲናገሩ ለመነቻት። ፈጣኗ መጀመሪያ ሣቀች፤ ጭምቷ የምሯን መሆኑን ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ፋራ አትሁኚ እባክሽ። ውሻ ነው እኮ፤ እስር ቤት አላስገቡት። የኳስ አሠልጣኜ ብትሰማ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ?»

«ውሻው ውሻ ነው። ሰዓት ሠሪው አባባ ግን ከቤት መውጣት ሊተዉ ነው።»

«እንግዲያው ሂጂና ተናገሪ። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ውሻው ነው የቆፈረው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጓደኛዬ ብለሽ እንዳትጠሪኝ።»

ጭምቷ ሌላ ጓደኛ የላትም። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ቅዳሜ ጠዋት በመናፈሻው በኩል ስታልፍ ሰብሳቢዋ መሰላል ላይ ቆመው፣ ሚስማር በከንፈራቸው ይዘው፣ የተሰረዘ የውሻ ሥዕል ያለበትን ሰሌዳ በሩ ላይ ሊሰቅሉ ሲዘጋጁ አየች። ሰሌዳው አንዴ ከተሰቀለ የሚያወርደው እንደማይኖር ገባት። እግሮቿ ወደ ቤት ሊወስዷት ፈልገው ነበር፤ እርሷ ግን ወደ መሰላሉ ሄደች።

«እትዬ፣ እባክዎ አይስቀሉት። ችግኙን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ አረም መስሎኝ ነው። ሻምበል አልነካውም። እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ሰብሳቢዋ ሚስማሩን ከከንፈራቸው አወጡ። «ብቻሽን ነበርሽ?»

«እኔ የራሴን ነው የምናገረው።»

ሴትዮዋ ከዚህ በላይ አልጠየቋትም፤ ማን ከማን ጋር ተጣምሮ እንደተላከ መላው ሠፈር ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ፈጣኗ ተጠርታ መጣች። ውሻው ሲቆፍር አይቻለሁ ብላ ድርቅ አለች፤ የብስባሹ ጉድጓድ ተከፍቶ ችግኙ ሁሉ ከአረሙ ጋር ተከምሮ እስኪገኝ ድረስ። ነቅሎ፣ ሰብስቦ፣ ጉድጓድ የሚጥል ውሻ አይታ ታውቅ እንደሆነ ሰብሳቢዋ በትሕትና ሲጠይቋት አለቀሰች። ሰዓት ሠሪው ልጆች ናቸው ይታለፉ ብለው ለመኑ። ሰብሳቢዋ ግን እርሳቸው ይቅር ማለታቸው መልካም እንደሆነ፣ ቅጣቱ ግን እንደማይቀር ተናገሩ።

ሰሌዳው ሳይሰቀል ቀረ፤ ሻምበልም ዳግም በመናፈሻው በር ገባ። ቅጣቱም እንደተባለው ተፈጸመ። ጭምቷ የትምህርት ቤቱን ዕረፍት በሙሉ ማለዳ እየተነሣች መደቡን ብቻዋን አረመች፣ አጠጣች። የማንን ችግኝ እንደነቀለችም ለእናቷ በገዛ አፏ እንድትነግራት ታዘዘች፤ ነገረቻት። ፈጣኗ በመናፈሻው በር ቆማ ሰዎች በተሰበሰቡበት ውሸቷን አመነች፣ ሰዓት ሠሪውንም ይቅርታ ጠየቀች። አሠልጣኟ ስለ ሐሰት ምስክርነቷ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከቡድኑ አስወጣቻት። በመጀመሪያው ግጥሚያ በቦታዋ ሌላ ልጅ ተሰለፈች፤ ፈጣኗም ጨዋታው እስኪያልቅ ከመስመሩ ውጭ ቆማ የወጣ ኳስ ስታቀብል ዋለች።