ያየው ማነው?

«እኔ እዚያ ቤት አልገባም! ከፈለጋችሁ መኪናው ውስጥ ቆልፋችሁብኝ ግቡ» አለች ካርታ፣ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ።

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «አባትሽ ሲመጣ ለራሱ ንገሪው። ያሳደጉህን ሴትዮ ቤት ተጸይፌዋለሁ በዪው።»

«ተጸየፍኩ አልወጣኝም።»

«ከአፍሽ አልወጣም። ፊትሽን ግን በመስታወት እዪው።»

እውነት ነው፣ ተጸይፋለች። ምን ያስዋሻል? ከሁለት ዓመት በፊት የአባቷ አክስት ቤት ያደሩ ጊዜ ያየችው ነገር ዛሬም ትዝ ሲላት አፏ በምራቅ ይሞላል። እሷና ወንድሟ እማማ ነው የሚሏቸው። እማማ ዶሮዎቻቸውን የሚያሳድሩት አልጋ ሥር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከፍራሹ በታች ሲንኮሻኮሹ አድረው፣ ጠዋት ካርታ እግሯን ጫማዋ ውስጥ ስትከት ለብ ያለ፣ ለስላሳ ነገር ተቀበላት። ኤጭ! ሲስሟት ደግሞ የሱረታቸው ቡናማ እርጥበት ጉንጯ ላይ ይቀራል። ወተቱስ! ብርጭቆው ውስጥ ዝንብ ትዋኛለች። እማማ በጣታቸው አወጧትና፣ ጣታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው «ጠጪ ልጄ፣ ዝንብ ሰው ገድሎ አያውቅም» አሏት። ካርታ ወደ ጓሮ ሮጣ አስመለሳት። ስትመለስ ብርጭቆው ባዶ ነበር። አባቷ ግጥም አድርጎ ጠጥቶት፣ ከንፈሩን እየጠረገ «እንዴት ይጣፍጣል!» ይላል።

ካርታ የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። በአምስት ዓመቷ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ፣ ጉድጓዱ ሳይቀር፣ አዲስ የተቀባ ግድግዳ ላይ በከሰል ስላው አገኛት። እናቷ ልትቆነጥጣት ስትነሳ «ተያት፣ ሥራዬን የምትወርስ ልጅ አገኘሁ» አለ። ሥራው አገር አቋራጭ አውቶቡስ መንዳት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ከርሞ የሚሰጡት ዕረፍት ዘጠኝ ቀን ናት፤ አሥረኛዋን ቢለምን አያገኛትም። ስለዚህ በየክረምቱ ዘጠኟን ቀን ወረቀት ላይ እየደለደለች ማብቃቃት የካርታ ሥራ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ለአንድ ሰው አንድ ቦታ።

እናቷ ፍልውሃ አለች፤ ጎንብሳ ስትሰፋ የምትውልበት ወገቧ ከለመናት ቆይቷል። ትንሽ ወንድሟ አዞ ማየት አለ። እሱን ቤተሰቡ የሚጠራው ጥያቄ እያለ ነው፤ ለምን እንደሆነ አሥር ደቂቃ አብሮት የተቀመጠ ሰው ያውቃል። አባቷ «አክስቴ» አለ። ካርታ ሐይቅ አለች። ዓመቱን ሙሉ በክፍሏ ልጆች ስልክ ላይ እያየች የቀናችበት፣ አሸዋው ነጭ፣ ውሃው ጥርት ያለ ሐይቅ።

ዝናቡ ግን ማንንም አላስፈቀደም። ስልኩ እንደሚለው ረቡዕ ሐይቁ ላይ ይገባል። መጀመሪያ እማማ ጋ ከሄዱ፣ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ እዚያው ናቸው። ሐይቁ የሚደርሱት ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ ግማሽ ቀን ተዋኝቶ እልም! እማማን ወደ መጨረሻ ቢገፏቸው ደግሞ ወደሳቸው የሚያወርደው ቁልቁለት ጭቃ ይሆናል፤ እንኳን መኪና ፍየልም አይወጣው። ወይ አሁን ነው፣ ወይ ለከርሞ። እማማ ከወረቀቱ ጭራሽ ቢወጡ ግን ሐይቁ ሙሉ ሦስት ቀን ያገኛል። ካርታ ሦስቴ ደመረች፣ ሦስቴ ቀነሰች፣ ሦስቴም ያው ሆነባት። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ባለው ቦታ ላይ ሐይቁን በእርሳስ ጻፈች።

ይሄኔ የአባቷ ስልክ ጮኸ። አውቶቡሱን ሊያስረክብ ወደ መናኸሪያ ሲጣደፍ ቻርጅ ላይ ረስቶት ነው የሄደው። የደወለው ባልደረባው ነው፣ መነጽር የሚሉት ሾፌር።

«ካርታ ነሽ? ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ ቁልቁለቱን አሁን ወርጄ ጨረስኩት። ደረቅ ነው፤ አቧራ ስበላ ነው የዋልኩት። የወንዙን መንገድ ግን አላየሁትምና ስለሱ ምንም አልልም። ከዚህ በኋላ ኔትወርክ የለም፣ ነገ ማታ እገባለሁ በዪው።»

ስልኩ ተዘጋ። ካርታ ወረቀቱን አየች። አባቷ በሩን ከፍቶ ሲገባ ስልኩ ገና በእጇ ነው።

«ማነው?»

«ጋሽ መነጽር።» ከዚያ ምላሷ ቀደማት። «ቁልቁለቱ ተቆርጧል አለ። ናዳ ወርዶበታል።»

አባቷ ኮፍያውን አወለቀ። «ያየው ማነው? ራሱ ነው?»

«ራሱ።»

«በቃ፣ አለቀ።»

ሌላ ነገር አልጠየቃትም። ሾፌሮች ዘንድ ስለ ዓሣ ክብደት ይዋሻል፣ ስለ መድረሻ ሰዓት ይዋሻል፤ ስለ መንገድ ግን አይዋሽም። «ያየው ማነው?» ይባላል፣ የሰውየው ስም ይጠራል፣ በዚያ ስም ሰው ተጭኖ ይወጣል። አንድ ጊዜ አንዱ ያላየውን መንገድ «ክፍት ነው» ብሎ፣ አባቷን አርባ ተሳፋሪ እንደጫነ ጭቃ ውስጥ አሳድሮታል። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ሲያለቅስ ነው ያነጋው። ከዚያ ወዲህ አባቷ የሰውየውን ስም ጠርቶ አያውቅም። «አፌን ያቆሽሸዋል» ይላል።

«ምስኪን አክስቴ» አለ አሁን፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «ዶሮዎቹን'ኮ ከቤት አስወጥታ ነበር። አናጢ ጠርታ ጓሮ ቤት አሠራችላቸው አሉ። ‹ልጅቷ ተጸይፋኛለች፣ ገብቶኛል› ብላ።»

ካርታ ወረቀቱን በግንባሩ ገለበጠችው።

አባቷ ብድግ አለ። «ነይ፣ መናኸሪያ እንመለስ። ሰሌዳው ላይ ልጻፈው። ቀጮ ነገ ማለዳ በዚያ ነው የሚወጣው።»

ይህን አላሰበችም። እሷ የዋሸችው ለቤታቸው ወረቀት፣ ለሦስት ቀን ዋና ነበር። «በስልክ ብትነግረውስ?» አለች።

«በስልክ የተባለውን ሁሉም አይሰማውም። ሰሌዳውን ግን ሁሉም ያየዋል። ጫማሽን አድርጊ።»

መናኸሪያው በደህናውም ቀን ያስጠላታል። የናፍጣው ሽታ፣ ከጎማ ኋላ የሚሸናው ሰው፣ የተረገጠው የብርቱካን ልጣጭ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ እጃቸውን የሚታጠቡበት ግራጫ ውሃ። ዛሬ ግን አፍንጫዋን አልያዘችም። ከሁሉ የከፋው ነገር ራሷ ጉሮሮ ውስጥ ያለ መሰላት።

ሰሌዳው የተሰቀለው በሩ አጠገብ፣ የዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ሦስት ዓምድ አለው፦ መንገዱ፣ ያለበት ሁኔታ፣ ያየው ሰው። አዲስ ነገር ሲጻፍ ሽማግሌው ዘበኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ሥራው ነው፤ ማንም ግን አዞት አያውቅም። የወንዙ መንገድ ፊት ለፊት «ትናንት በጭንቅ ታልፏል» የሚል ተጽፏል። አባቷ ጠመኔውን አነሳና በዚያ በሚያምር እጁ ከሥሩ ጨመረ።

«ቁልቁለቱ!» አለ ዘበኛው እየጮኸ። «ተቆርጧል! ያየው መነጽር!»

ቀጮ ከአውቶቡሱ ሥር እየተንፏቀቀ ወጣ። ስሙ የወጣለት በጉርምስናው ሳይሆን አይቀርም፤ ዛሬ ሆዱና መሪው በቦታ ይጣላሉ።

«መነጽር ካየው ምን ይባላል» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ሃምሳ ሰው ቲኬት ቆርጧል። በወንዙ እሞክራለኋ፣ ምን አማራጭ አለኝ?» ወደ ካርታ ዞሮ ሳቀ። «ሐይቅ ልትሄጂ ነው አሉ! በይ ዋናውን ቶሎ ልመጂና ውሃው ከወሰደኝ ታወጪኛለሽ።»

«ምን ያለው ሟርተኛ ነው!» አለ አባቷ። «ና፣ ፍሬንህን አብረን እንየው።» ተያይዘው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ዘበኛው ወደ ጎጆው ገባ።

ካርታ ከሰሌዳው ጋር ብቻዋን ቀረች። መነጽር። ሰውየው ያላየውን ወንዝ እንኳ «አላየሁትም» ብሎ ነበር የነገራት። እሷ በእሱ ስም ዋሸች። ስሙን አቆሸሸችው፤ እሱ ደግሞ ይህን ሳያውቅ አቧራ እየበላ ይነዳል። ዶሮዎቹስ ምን አደረጓት? ዶሮ ዶሮ ነው። ዝንብም ዝንብ ነው። ይህን ግን ያደረገችው እሷ ናት፣ የክፍሏ አንደኛ፣ ቀን ሦስቴ እጇን በሳሙና የምትታጠበው። ራሷን ጠላቻት። እንደ ቀልድ አይደለም፣ እንደዚያ ወተት ነው የጠላቻት።

በመዳፏ «ተቆርጧል» የሚለውን ጠረገችው። ጠመኔውን አነሳችና «ደረቅ» ብላ ጻፈች። እጇ ቆመ። አባቷ ቢመጣስ? ወዲያው መልሱ መጣላት፦ «ጋሽ መነጽር መልሶ ደወለ፣ ናዳውን ጠርገውታል አለ።» ስልኩ በእሷ ኪስ ነው። አባቷ ያምናታል፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ ግንባሯን ይስማታል። ማንም ምንም ሳያውቅ ሁሉም በሰላም ይገባል። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለላት። እንዲህ መቅለሉ ነው አንገሽግሿት የነበረውን ሁሉ እስከ አፏ ያመጣው።

«ኡፍ» አለች። ከታች ባለው ባዶ ቦታ፣ ፊደሉ እየተንጋደደባት፣ አንድ መስመር ጨመረች።

የጠመኔውን ድምፅ ሰምቶ ዘበኛው ከጎጆው ወጣ። ዓይኑን አጨንቁሮ እንደ ልማዱ ጮኸ። «ቁልቁለቱ፣ ደረቅ! ያየው መነጽር! ተቆርጧል ያልኩት… ዋሽቼ ነው…» ድምፁ እየወረደ ሄደ። «…ካርታ።»

አባቷ ከአውቶቡሱ ጎን ቀና አለ። ቀስ ብሎ መጣ፣ ሰሌዳውን ራሱ አነበበው፣ ከዚያ እሷን አያት። ያን ፊት ካርታ አይታው አታውቅም ነበር፤ ግን አወቀችው። ቅድም እናቷ በመስታወት እዪው ያለቻት ፊት ነው።

«እኔ እንግዲህ በቁልቁለቱ ነኝ» አለ ቀጮ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ። ዛሬ ቀልድ አልጨመረም። ከካርታ እጅ ጠመኔውን ተቀብሎ ቦታው መለሰው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ ሦስት እርምጃ እየቀደማት ነበር የሚሄደው። ሌላ ጊዜ መንገድ ሲያቋርጡ እጇን ይይዛታል፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ «ተወኝ፣ ሰው ያየናል» ትለዋለች። ዛሬ ዝም ብሎ ቆመና መኪናው ካለፈ በኋላ ተሻገረ። እሷም ተከተለችው።

ቤት እንደገቡ ጥያቄ በሩ ላይ ተቀበላቸው። «አዞ መቼ ነው? መጀመሪያ የት ነው? ካርታ ለምን ታለቅሳለች?» እናቱ ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው።

ካርታ ጠረጴዛው ዘንድ ሄደች። ላጲስ አንስታ ሐይቁን ከቅዳሜ ላይ አጠፋችው፣ ከእሑድ አጠፋችው፣ ከሰኞ አጠፋችው። ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። እርሳሱን ትታ እስክሪብቶ ፈለገች። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፦ እማማ። ማክሰኞ ከሰዓት፦ ሐይቅ። ረቡዕ፦ ፍልውሃ፣ እዚያ ቢዘንብም ውሃው ሙቅ ነው። ጽፋ ስትጨርስ አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ወረቀቱን አነሳው፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ዶሮዎቹ ወጥተዋል ይባላል እንጂ» አለ፣ ገና ወደ እሷ ሳያይ፣ «እኔ አላየሁም።»

«እኔ ሄጄ አያለሁ» አለች ካርታ።